«ኦርጋኒክ» ስለሚባለው የመደብር አቮካዶ ጣዕምና ዋጋ፤ በጉለሌ የተደረገ አጭር ምርመራ

መግቢያ

መጽሐፍን፣ ሥዕልን ወይም ዜማን መተቸት የተለመደ ሲሆን ስለ አንድ የዛፍ ፍሬ ሒስ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን ሒስ ማለት አንድን ነገር ስለ ራሱ ከሚናገረው ቃል ጋራ አስተያይቶ የተባለውን ያህል መሆኑን ወይም አለመሆኑን መፍረድ ከሆነ፣ ዛሬ በጉለሌ በአንዳንድ መደብሮች «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የሚሸጠው አቮካዶ ከማናቸውም መጽሐፍ ያላነሰ ሒስ የሚገባው ነው። ስለ ራሱ ይናገራልና፤ ለተናገረውም ቃል ገንዘብ ያስከፍላልና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ «ኦርጋኒክ» የተባለው አቮካዶ ካልተባለው ይልቅ ይጣፍጣል ወይ? ሁለተኛው፣ በዋጋው ላይ የተጨመረው ብር የሚከፈለው ስለ ምንድን ነው፤ ለማንስ ይደርሳል? አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ የደረስንበት ፍርድ ቃሉን የሚያወግዝ አይደለም። እንዲያውም በከንቱ ሲባክን ማየት ያሳዘነን ቃሉ ቁም ነገር ያለው በመሆኑ ነው።

ምርመራውን ያስነሣው ነገር

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ በኪራይ ወደምንኖርበት ቤት የአንዱ ጓደኛችን እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከዲላ መጡ። እሳቸው ጿሚ ናቸው፤ እኛም በወሩ መጨረሻ ላይ ስለ ነበርን ከሆዳችን ይልቅ ኪሳችን ይጾም ነበር። ቢሆንም እንግዳን፣ ይልቁንም እናትን፣ በሽሮ ብቻ ማስተናገድ ነውር መስሎ ታየን። ስለዚህ ያለንን አዋጥተን በሰፈራችን ከሚገኝ ከአንድ መደብር፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ «ኦርጋኒክ» የሚል የተጻፈበት አራት አቮካዶ ገዛን። ዋጋው ጉልት ላይ ከሚሸጠው እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር።

ሁለት ቀን አቆይተን ማታ ለገበታ ስንቆርጠው አንዱ ውስጡ ጠቁሮ ተገኘ። ሁለቱ ደግሞ ልጣጫቸው ተጨማዶ ሥጋቸው እንደ ጎማ ስለ ሆነ ማንኪያ አልገባ አላቸው። ለመብላት የበቃው አራተኛው ብቻ ነው፤ እሱንም ለአምስት ሰው ተካፈልነው። እናታችን ግን ፊታችንን አይተው ሳቅ አሉና፣ «ልጆቼ፣ ይኸ እኮ ሳይደርስ የተቀጠፈ ነው፤ ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም» አሉን። ስንት እንደ ገዛነው በጠየቁን ጊዜ ዋጋውን ቀንሰን ነገርናቸው፤ የቀነስነውም እንኳ አስደነገጣቸው። በእሳቸው ግቢ በቡናው መካከል ሁለት የአቮካዶ ዛፎች እንዳሏቸውና ፍሬው ሲበዛ ለጎረቤት እንደሚያድሉት አጫወቱን።

በማግስቱ ሽፋኑን ይዘን ወደ መደብሩ ሄድን። ሻጩ ወጣት ትሑት ሰው ነበር። ገንዘባችንን ባይመልስልንም ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነውን አነጋገር ሰጠን፤ «ወረቀቱ ኦርጋኒክ ነው ይላል እንጂ ይጣፍጣል አይልም» አለን። በጊዜው ተናደን ወጣን፤ በኋላ ግን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ ሰውየው ሳያውቀው ከሁላችን የተሻለ ሐያሲ መሆኑን ተረዳን።

ስለ ቃሉ

በኬሚስትሪ ክፍል እንደ ተማርነው ኦርጋኒክ የሚባለው ካርቦን ያለበት ውሕድ ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን አቮካዶ ሁሉ ኦርጋኒክ ነው፤ ይባስ ብሎም በእርሻ ላይ ከሚረጩት የተባይ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ኦርጋኒክ ናቸው። በሕግና በንግድ ቋንቋ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። ይኸውም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ሰው ሠራሽ የተባይ መድኃኒት ሳይገባበት፣ የአፈሩ ሕይወት ተጠብቆ የተመረተ ማለት ነው። የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ለዚህ ስም ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ የአሜሪካ መንግሥት አገር አቀፍ ደንብ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በአገራችንም ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ ቃሉ ማንም እንዳሻው የሚለጥፈው የሙገሳ ቃል ሳይሆን ሕግ የሚያውቀው ስም ነው ማለት ይቻላል።

እነዚህ ደንቦች የሚጠይቁት ብዙ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ መሠረት አዝመራው ከመሰብሰቡ በፊት መሬቱ ለ3 ዓመት ከተከለከሉት ነገሮች ነጻ ሆኖ መቆየት አለበት። ገበሬው መዝገብ ይይዛል፤ መርማሪ እየመጣ ያያል፤ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ግን ስለ አመራረትና ስለ አያያዝ ነው። ፍሬው በምላስ ላይ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ሰው በዚያ ውስጥ መልስ አያገኝም።

ታዲያ ገዢው በቃሉ ውስጥ ጣዕምን የሚሰማው ለምንድን ነው? እንደሚመስለን ምክንያቱ ከራሳችን ቋንቋ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ «የሐበሻ እንቁላል»፣ «የሐበሻ ዶሮ» እያለ ከፈረንጁ ለይቶ አስበልጦ ይገዛል። «የሐበሻ» ሲል በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገሩ ነው፤ በግቢ ውስጥ ጭሮ ያደገ ማለቱና የሚጣፍጥ ማለቱ ነው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ዐዲስ ቃል ሲመጣም በዚህ በተዘጋጀ ቦታ ገባና የ«ሐበሻን» ጣዕም ሳይሠራበት ወረሰ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የሐበሻ እንቁላል የሚሸጡት እናት እንቁላላቸውን ብርሃን ላይ አንሥተው ያሳያሉ፤ ገዢውም ያገላብጣል፣ ይከራከራል። በፕላስቲክ የተሸፈነውን ግን ማገላበጥም መከራከርም አይቻልም።

በዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መሸሸግ አይገባንም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የታተመውን ቃል ከተነገረው አስበልጠን ማመን ለምደናል። ጉልት ላይ የተቀመጡት ሴት «ጥሩ ነው» ቢሉን እንጠራጠራለን፤ ወረቀት ላይ ሲጻፍልን ግን አንጠይቅም። ያን ዕለት በሽፋኑ ላይ የእርሻው ስም፣ የመረመረው ድርጅት ስም ወይም ፍሬው የተቀጠፈበት ቀን መኖሩን እንኳ አላየንም። በኋላ ስንመለከተው ከአንዱ ቃል በቀር ምንም አልነበረበትም።

የምርመራው አኳኋን

የጓደኛችን እናት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሰንብተው ስለ ነበር ፍርዱ በእሳቸው ፊት እንዲሆን ወሰንን። ከሦስት ቦታ ገዛን። አንደኛው ያው መደብር ነው። ሁለተኛው በሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የሚገኝ ጉልት ነው። ሦስተኛው በአዲሱ ገበያ የሚገኝ የፍራፍሬ መሸጫ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበስሉ በጋዜጣ ጠቅልለን ከሙዝ ጋራ አስቀመጥናቸው። አቮካዶ ዛፍ ላይ ሳለ አይበስልም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ነው የሚለሰልሰው። ሙዙ ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ያፋጥነዋል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው የጉለሌ ብርድ ግን ያዘገየዋልና ትዕግሥት ይጠይቃል። እናቶቻችን አቮካዶን በጤፍ ወይም በዱቄት ውስጥ ሲቀብሩት ጋዙ እንዳይበተን ማድረጋቸው ነው፤ ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁታል።

ቅዳሜ ዕለት ልጣጫቸውን አንሥተን፣ ከየት እንደ መጡ አንዱ ጓደኛችን ብቻ እያወቀ፣ በሳሕን ላይ በቁጥር ለይቶ አቀረበልን። ቀማሾቹ እናታችንን ጨምሮ ስድስት ነበርን። የቀመስነው በደረቅ ዳቦና በጥቂት ጨው ብቻ ነው፤ ሎሚና ቃሪያ የመጥፎውን ፍሬ ጉድለት ስለሚሸፍኑ ተውናቸው። ይህ ትንሽ የቤት ውስጥ ፈተና መሆኑንና ስለ አዲስ አበባ ገበያ ሁሉ የማይናገር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ስለ ጣዕም

ከሁሉ በላይ ሆኖ የተገኘው ከአዲሱ ገበያ የመጣው፣ ሲበስል ልጣጩ የሚጠቁረውና ሸካራ የሆነው ትንሹ አቮካዶ ነው። ሥጋው እንደ ለጋ ቅቤ ይቀባል፤ ክር የለውም፤ በመጨረሻም እንደ ለውዝ ያለ ጣዕም በአፍ ውስጥ ይተዋል። ሁለተኛ የወጣው ከጉልት የመጣው አንገተ ረጅሙ አረንጓዴ ነው። የመደብሩ ሦስተኛ ሆነ፤ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሣር ሣር የሚል ጥሬ ጣዕም አልተለየውም። የመጨረሻው ደግሞ ያው ከጉልት የመጣ ሌላ ትልቅ ክብ ፍሬ ነበር፤ ውኃ ውኃ ይላል፤ ክርም አለበት። ከአንዲት ሴት፣ ከአንድ ክምር፣ በአንድ ዋጋ የተገዙ ሁለት ፍሬዎች አንዱ ሁለተኛ አንዱ መጨረሻ መውጣታቸውን ልብ ማለት ይገባል። የጣዕም ነገር ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳን ይህ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ዝርያ ነው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ችግኝ ዐዲስ ፍጥረት ነው። አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሐረርጌ በሂርና እና በደቡብ በወንዶ ገነት በግል አትክልተኞች አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በየግቢው የተስፋፋው በአብዛኛው በዘር ነው። ስለዚህ ከጉልት የሚገዛ አንድ ኪሎ አቮካዶ የአንድ ደራሲ መጽሐፍ ሳይሆን የብዙ ደራስያን መድበል ነው፤ አንዱ ገጽ ግሩም፣ አንዱ ገጽ ደካማ ቢሆን አያስደንቅም። ያ ጥቁሩ ሸካራ ፍሬ ግን ሃስ የሚባለው ነው። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል በካሊፎርኒያ የሚኖር የፖስታ ቤት ሠራተኛ ከዘር ካበቀለው ከአንድ ዛፍ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ዛሬ በዓለም ያሉት የሃስ ዛፎች ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተዳቀሉ የመጡ ናቸው። በአገራችንም ሃስ፣ ፉኤርቴ፣ ኤቲንገርና ሌሎችም ዝርያዎች በተዳቀለ ችግኝ እየተተከሉ ነው፤ በጎጃም በቆጋ መስኖ ደግሞ ሃስ ለውጭ ገበያ ይመረታል።

ሁለተኛው ምክንያት የተቀጠፈበት ጊዜ ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ በቆየ ቍጥር ቅባቱ ይጨምራል፤ ውኃው ይቀንሳል። ቅባቱ ሳይሞላ የተቀጠፈ ፍሬ እናታችን እንዳሉት ይጨማደዳል እንጂ አይበስልም። ይህን በሕግ የተመለከቱ ሰዎችም አሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው ሕግ ቅባቱ 8 በመቶ ያልሞላ አቮካዶ ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለ። በኋላም ቅባትን መለካት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ፍሬውን አድርቆ የሚቀረውን ደረቅ ነገር መመዘን በቦታው ገባ። እነሆ፣ ስለ ጣዕም የሚጠይቅ ሕግ ይህን ይመስላል። ስለ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ፍሬው ደርሷል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ምክንያት የእጅ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ፍሬው በእንጨት እየተመታ ወይም ዛፉ እየተነቀነቀ ይወርዳል፤ በጆንያ ይታጨቃል፤ በአይሱዙ ጀርባ ተደራርቦ ሌሊቱን ይጓዛል። የተመታው ቦታ ከውጭ ሳይታይ ውስጡ ይጠቁራል። ከዚያም እያንዳንዱ ገዢ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሳይገዛ ያልፋል፤ ኋላ የሚመጣው የፊተኞቹን ጣት ገዝቶ ይሄዳል።

ዝርያ፣ ጊዜና እጅ፤ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም «ኦርጋኒክ» በሚለው ቃል ውስጥ የለም። በኦርጋኒክ መንገድ ያደገ ፍሬ ሊጣፍጥ ይችላል፤ ያለ ጊዜው ሊቀጠፍም ይችላል። የመደብሩ ሻጭ የነገረን ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። የመጨረሻ ያልነውን ያን ውኃማ ትልቅ ፍሬ እናታችን አንሥተው በስኳርና በውኃ መትተው ጁስ አደረጉት፤ ሁላችንም ወደድነው። ጥቁሩ ሃስ ለጁስ ከባድ ይሆናል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ከማንጎና ከፓፓያ ጋራ ተደራርቦ ለምንጠጣው ስፕሪስም ርካሹና ውኃማው ይሻላል። ስለዚህ «ጥሩ አቮካዶ» ብሎ መፍረድ ለምን እንደተፈለገ ሳይጠይቁ የሚሆን አይደለም።

ስለ ዋጋ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍሬው ከገበሬው ለሰፈር ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ለጫኝ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ለጅምላ አከፋፋይ፣ ከዚያም ለቸርቻሪ ይተላለፋል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ለጉለሌ ቸርቻሪ መንገዱ ረዝሟል። ድሮ ቁልቁል ወርዶ በጀርባ ወይም በጋሪ ይመጣ የነበረው ዛሬ ከከተማው ደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ በመኪና ይጫናል። ይህን ሁሉ ወጪ የጉልቷም የመደብሩም ፍሬ እኩል ይሸከማል። ስለዚህ የመደብሩን እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ዋጋ መንገዱ አያስረዳውም።

ታዲያ ጭማሪው ለገበሬው ይደርሳልን? እናታችንን ጠየቅናቸው። «ነጋዴው ዛፉ ላይ እንዳለ በግምት ይገዛናል፤ ኦርጋኒክ ነው ብሎ የጨመረልን የለም» አሉ። ለአቮካዶ ዛፋቸው ማዳበሪያ ያደርጉ እንደ ሆነ በጠየቅናቸው ጊዜ በጣም ሳቁ። «ማዳበሪያ ለበቆሎ ነው እንጂ! አቮካዶው ማዳበሪያ የሚያገኘው ሲጫን ነው» አሉ። እንደሚታወቀው በአገራችን ፍሬው የሚታጨቅበት የፕላስቲክ ጆንያ ራሱ «ማዳበሪያ» ይባላል።

በዚህ ቀልድ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናን፣ የጥላ ዛፍንና ፍራፍሬን በአንድ ማሳ አደባልቆ ያለማል፤ ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለው ግቢ የሚበቅለው አቮካዶ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያም መድኃኒትም አይነካውም። ይህ ማለት ወረቀት የሌለው የጉልት አቮካዶ በአስተዳደጉ ከመደብሩ የማያንስ፣ ምናልባትም የሚበልጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለቱም ከአንድ አፈር መጥተው አንዱ በስሙ እጥፍ ሲሸጥ ሌላው ስም ስለሌለው ይረክሳል።

ያው አፈር የሚያበቅለውን ቡና ብንመለከት ነገሩ ይለያል። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት አግኝተው ቡናቸውን ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ። በዚያ ስሙን ያወጣው የገበሬው ማኅበር ራሱ ነው፤ መርማሪም አለበት፤ ገዢው ለስሙ ሲከፍል የሚመለስበት መንገድ አለው። በአቮካዶው ላይ ግን ስሙን ያወጣው ሻጩ ነው፤ ገንዘቡም በዚያው ይቀራል።

ለመደብሩ የሚገባው

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን መደብሩ የሚሠራውን መልካም ሥራ መካድ አይገባም። ፍሬው በጥላ ይቀመጣል፤ አቧራ አይጠጣም፤ የሰው አውራ ጣት አያገኘውም፤ መጠኑም ተመርጦ ይቀርባል። እነዚህ ሥራዎች ዋጋ አላቸው፤ አቅሙ ያለው ሰው ቢከፍልባቸው አንነቅፍም። የምንነቅፈው «የተመረጠ» መባል የሚገባውን «ኦርጋኒክ» ማለትን ነው። በተጨማሪም የእኛ ፍሬዎች እንደ መሰከሩት፣ በሚገባ ተመርጦ ነበር ለማለትም ያስቸግራል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለጤና ሲባል ጥቂት ብር ቢጨመር ምን አለበት?» ብለው ተከራክረውናል። አሳቡ መልካም ነው፤ ምሳሌው ግን አልተመረጠም። አቮካዶ ልጣጩ ወፍራም ስለ ሆነና ስለማይበላ፣ በአሜሪካ በሚደረጉት የቅሪት ምርመራዎች ዝቅተኛ የመድኃኒት ቅሪት ከሚገኝባቸው ፍሬዎች አንዱ ነው። ለጤናው የሚሠጋ ሰው ከልጣጩ ወይም ከነቅጠሉ ስለሚበላው ነገር፣ ማለት ስለ ቲማቲሙና ስለ ሰላጣው፣ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የኦርጋኒክ እርሻ ትልቁ ጥቅም በበላተኛው አፍ ሳይሆን በማሳው ላይ ነው። መድኃኒት በማይረጨው ገበሬ ሳንባ፣ በአፈሩ ሕይወት፣ የአቮካዶውንም አበባ በምታዳቅለው ንብ ላይ ነው። እንግዲህ ዋጋው መሄድ የሚገባው ጥቅሙ ወደሚሠራበት ቦታ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጠው በገዛነው «ኦርጋኒክ» አቮካዶ ላይ ሁለት ጉድለት አግኝተናል። ቃሉ ስለ ጣዕም ምንም ስለማይናገር ገዢው ያልተባለውን እየሰማ ይከፍላል። ምስክርም ስለሌለበት ስለ አስተዳደጉ የሚናገረውን እንኳ ማመን አይቻልም። ይህን ያህል ብንወቅስም ቃሉ ይጥፋ አንልም። ዛሬ በግቢው ያሉት ሁለት ዛፎች መድኃኒት ባይነካቸውም፣ የተዳቀለው ችግኝ እየበዛ፣ እርሻው እየሰፋና ተባዩ እየተከተለ ሲሄድ መርጨት የሚፈልግ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሳይረጭ የሚያመርተው ገበሬ ራሱን ከሌላው የሚለይበት ቃል ያስፈልገዋል። ቃሉ ግን ዛሬ በየፕላስቲኩ ላይ በከንቱ ከተለጠፈ፣ ያን ጊዜ ሰሚ ያጣል። የውሸት ምስክር የሚጎዳው ዛሬ የተሟገተውን ብቻ አይደለም፤ ነገ እውነቱን ይዞ የሚመጣውንም ነው።

ለተማሪ ገዢ የምንመክረው ጥቂት ነው። ዝርያው ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ጥቁሩን ለዳቦ፣ ውኃማውን ለጁስ ይግዛ። ወረቀት የተለጠፈበት ከሆነ የመረመረው ማን እንደ ሆነ ያንብብ፤ ከሌለበት ለቃሉ አይክፈል። ፍሬውን በጣቱ አይጫን፤ ሻጯን ይጠይቅ። የሽሮ ሜዳዋ ባለ ጉልት ለፈተናው ስንገዛቸው የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ለዛሬ ነው፣ ለነገ ነው፣ ወይስ ለሰንበት?» ብለው፣ እንደ መልሳችን አንድ አንዱን እያነሡ መረጡልን። ከመረጡልን አንዱ መጥፎ ቢወጣም በማግስቱ ስንነግራቸው «ውሰድ የኔ ልጅ» ብለው ሌላ ተክተውልናል።

እኛ የቀመስነው በምላስ ነው፤ ምላስ ደግሞ ይሳሳታል፤ ያዘነ ኪስም ምላስን ያጣምማል። ስለዚህ የኬሚስትሪና የግብርና ተማሪ ጓደኞቻችን ነገሩን በሚዛን እንዲመረምሩት አደራ እንላለን። ከጉልቱና ከመደብሩ እኩል ፍሬ ወስዶ፣ ቆርጦ፣ መዝኖና አድርቆ እንደገና መመዘን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውጤቱ የእኛን ፍርድ የሚሽር ሆኖ ቢገኝ በሚቀጥለው እትም በደስታ እናነበዋለን።